"ሎድዝ" ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፦ የፖላንድ ስሞች እንዴት ይነበባሉ?

ፖላንድ መሃል ላይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ አንዲት ትልቅ ከተማ አለች። ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አራት ፊደል ብቻ ነው፦ ኤል፣ ኦ፣ ዲ፣ ዜድ። መጀመሪያ ወደዚያ የሚሄድ የባቡር ትኬት ልቆርጥ ሄጄ በሙሉ ልብ "ሎድዝ" አልኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ሴትዮ ዝም ብለው አዩኝ። "ሎድስ" ብዬ አስተካከልኩ። ያው ነው። መጨረሻ ላይ ስልኬን አውጥቼ ጽሑፉን ሳሳያቸው ፊታቸው ፈካ አለና "አሃ! ዉች!" አሉኝ።

ዉች። በቃ ይቺው ናት። ከአራቱ ፊደሎች አንዷም እንኳ እኔ እንዳነበብኳት አልተነበበችም። ቃሉ ጀልባ ማለት ነው፤ ከተማዋ ግን ባሕርም ትልቅ ወንዝም የላትም፣ እሱን ተዉት።

ለካ የያዝኩት ቁልፍ የሌላ ቤት ቁልፍ ነበር። እኛ የላቲን ፊደል ስናይ ሳናስበው በእንግሊዝኛ ነው የምናነበው፤ ትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ስለሆነ። ፖላንዶች ደግሞ ያንኑ ፊደል ወስደው የራሳቸውን ሥራ ሰጥተውታል። ደስ የሚለው ነገር፣ እንግሊዝኛውን ትታችሁ ድምፁን በቀጥታ በእኛ ፊደል ብትጽፉት አብዛኛው ስም ወዲያው ይፈታል። አማርኛ ተናጋሪ ለፖላንድኛ ከእንግሊዝ የተሻለ አፍ አለው። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። (የላቲን ፊደሎቹን በለመድነው በእንግሊዝኛ ስማቸው ነው የምጠራቸው፣ ለመግባባት ያህል።)

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። የእኛ ሸ ከየት መጣች? ግዕዝ ውስጥ የለችም። ቸም፣ ኘም፣ ዠም፣ ጀም የሉም። አማርኛ መጻፍ ሲጀመር እነዚህ ድምፆች ፊደል አጡ፤ ጸሐፊዎቹም አዲስ ፊደል ከመፍጠር ይልቅ ያለውን ወስደው ራሱ ላይ ምልክት ጨመሩበት። ሰ ሸ ሆነች፣ ነ ኘ ሆነች፣ ዘ ዠ ሆነች፣ ተ ቸ ሆነች። ፖላንድም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ966 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ክርስትናን ከሮም በኩል ሲቀበሉ የላቲን ፊደል አብሮ ገባ፤ ላቲን ደግሞ ሽም፣ ችም፣ ዥም፣ ኝም የለውም። ምን አደረጉ? ኤን ላይ ጭረት አደረጉና ኝ አገኙ። ኤስ ላይ ጭረት አደረጉና ሽ አገኙ። ዜድ ላይ ዥ፣ ሲ ላይ ች። ፖዝናን የምንላት ከተማ መጨረሻዋ ጭረት ያለባት ኤን ናት፤ ስለዚህ ፖዝናኝ ነው የምትባለው። ነ እና ኘ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

እዚያ ላይ ቢቆሙ ጥሩ ነበር። ግን ሌላም መንገድ ተጠቀሙ፤ ሁለት ፊደል አጎራብቶ አንድ ድምፅ ማውጣት። ሰውን የሚያስደነግጠው ይሄኛው ነው፣ ስሙን እንደ ባቡር የሚያስረዝመው። ኤስና ዜድ ሲጎራበቱ ሽ ናቸው። ሲና ዜድ ች። አርና ዜድ ዥ። ሲና ኤች ኽ። አናቷ ላይ ነጥብ ያለባት ዜድም ዥ ናት። ሲ ብቻዋን ስትሆን "ትስ" ትባላለች፤ ወደ እኛ ፀ ትቀርባለች ግን ሳትፈነዳ፣ ለስለስ ብላ።

ከዚያ ቦታ የተቀያየሩት አሉ። ደብሊው ቭ ነች። ጄ ይ ነች። ው የሚለውን ድምፅ የምትሰጠው ደግሞ ወገቧ ላይ ሰረዝ ያለባት ኤል ነች፤ አይን ኤል ያያል፣ አፍ ው ይላል። ጭረት ያለባት ኦ ኡ ናት። እስኪ አሁን ወደ ትኬት መሸጫው እንመለስ፦ ባለ ሰረዟ ኤል ው፣ ባለ ጭረቷ ኦ ኡ፣ ዲ እና ባለ ጭረቷ ዜድ አንድ ላይ ለስላሳ ጅ፤ ቃሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነች ግን ጅ ወደ ች ትለወጣለች። ዉች!

ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ብቻዋን መታወቅ አለባት። ፖላንዶች ቃል ሲጨርሱ ድምፁን ያፍኑታል። ብ ፕ ትሆናለች፣ ድ ት፣ ግ ክ፣ ዝ ስ፣ ቭ ደግሞ ፍ። ክራኮው የምንላት ጥንታዊቷ ዋና ከተማ ክራኩፍ የምትባለው ለዚህ ነው። ከማይንቀጠቀጥ ድምፅ አጠገብ ሲውልም እንደዚያው ነው፤ እነዚያ "ኦውስኪ" እያልን የምናነባቸው ስሞች በሙሉ "ኦፍስኪ" ናቸው። ሌቫንዶፍስኪ። ይሄን አንዱን ካወቃችሁ የፖላንድን የስልክ ማውጫ ግማሽ አነበባችሁ ልበል? ትንሽ አጋነንኩ።

ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ መለማመጃ ሞልቷችኋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ፣ ያ የሊቨርፑልና የሚላን ፍጻሜ፣ መስመሩ ላይ እየደነሰ የፒርሎንና የሼቭቼንኮን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነውን በረኛ ማን ብለን ነበር የጮህንለት? ጄርዚ ዱዴክ። ጄ ይ ከሆነች፣ አርና ዜድ ዥ ከሆኑ ግን ስሙ "ዬዥ" ነው፤ ዥን በሳድስ፣ እ ተብላ በደንብ እየተሰማች። ዬዥ ማለት ደግሞ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ያን ሌሊት ጊዮርጊስን ነበር ለካ ስንጠራ ያመሸነው።

አርሴናሎችም ድርሻ አላችሁ። በአንድ ወቅት ሁለት ፖላንዳዊ በረኞች ነበሯችሁ። አንዱ በ2014 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ የቆመው ነው፤ "ሉካስ" ስንለው የኖርነው ሰው ስሙ ዉካሽ ነው፣ ዉካሽ ፋብያኝስኪ። ሌላው ቮይቼኽ ነው። የአባቱ ስም ላይ ኮሜንታተሮች ሁሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፤ ኤስ፣ ዜድ፣ ሲ፣ ዜድ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤን፣ ዋይ። አትደንግጡ፣ ጥንድ ጥንዱን አውጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽ። ቀጣዮቹ ሁለት ች። ኢ ሥሯ ላይ ጅራት አላት፣ ስለዚህ ኤን። ከዚያ ስ፣ ከዚያ ን በሳድስ። ሽቼንስን። ስምንት ፊደል ገባ፣ አምስት የእኛ ፊደል ወጣ። ቃሉ በድሮ ፖላንድኛ እድለኛ እንደማለት ነው።

ሳድስ ስል ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዋይ በፖላንድኛ ኢ አይደለችም። እንግሊዞች ይቺን ድምፅ ሲማሩ ምላሳቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ይገባቸዋል፣ መጽሐፎቻቸው ውስጥም ስለሷ ብዙ ይጻፋል። እኛ ግን በቀን ሺህ ጊዜ እንላታለን። "እንጀራ" ስትሉ ያለችው እ ነች፣ ወይም ለእሷ በጣም የቀረበች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተብለው ከ1978 እስከ 2005 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የመሩት ሰው የዓለም ስማቸው ካሮል ቮይትዋ ነው። መሃሏን ት ዋጥ ሳታደርጉ "ቮይ-ት-ዋ" በሏት፣ "ትግል" ላይ እንዳለችው ት። አበቃ። ለዚህ ሰው ስም ስንት የእንግሊዝ ዜና አንባቢ ላብ እንዳጠመቀው እግዜር ይወቀው።

ጅራቶቹስ? ጅራት ያላቸው ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው፣ ኤና ኢ፤ ፖላንዶቹም "ኦጎኔክ" ይሏታል፣ ትንሽ ጅራት ማለት ነው። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ነው። ኢ ከነጅራቷ ኤን ትላለች። ኤ ከነጅራቷ ግን አን አትልም፣ ኦን ነው የምትለው፣ ይሄ እንግዲህ የታሪክ ቅርስ ነው፣ በቃ መያዝ ብቻ። ከብ ወይም ከፕ በፊት ከመጡ ን ወደ ም ታዘነብላለች፤ ዶምብሮፍስኪ። ቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢዋ ጅራቷን ትረሳና ኤ የሚለውን ድምፅ ብቻ ትሰጣለች። ሌክ ዋሌሳ የምንለው፣ የግዳኝስኩ የመርከብ ግንባታ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በ1983 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘውና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው፣ ሌኽ ቫዌንሳ ነው። አስቡት፣ ዋ ያልነው ቫ ነው፣ ሌ ያልነው ዌን ነው። የቴኒሷ ኢጋም እንዲሁ ሽፍዮንቴክ ናት እንጂ ስዊያቴክ አይደለችም።

እስካሁን ነገሩን አቅልዬ ነው ያወራሁት። አሁን እውነተኛው ችግር ይምጣ።

ሁለት ሽ አለ። ሁለት ች፣ ሁለት ዥ፣ ሁለት ጅም አለ። በጭረት የሚጻፉት ለስላሶቹ ናቸው፤ በጥንድ ፊደል ወይም በነጥብ የሚጻፉት ወፍራሞቹ። (ለስላሶቹ ከአናባቢ በፊት ሲመጡ ጭረቱ ይቀርና በምትኩ አይ ፊደል ከኋላቸው ትገባለች፤ ቮይቼኽ ላይ እንዳለው።) የእኛ ሽ መሃል ላይ ነች፣ ስለዚህ ለጆሯችን ሁለቱም ሽ ናቸው። ለፖላንዶች ግን በፍጹም አንድ አይደሉም። ለስላሳዋን ለማውጣት "ይ" ልትሉ ምላሳችሁን ወደ ላይ አንሱና እዚያው እንዳለች ሽ በሉ፤ ቀጭን፣ የሚያፏጭ ነገር ይወጣል። ለወፍራሟ የምላሳችሁን ጫፍ ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጉ።

ለውጡ ምን ያመጣል ካላችሁ፦ ካታዥና የምትባል ሴት ወዳጆቿ ሲያቆላምጧት ካሻ ይሏታል፣ በለስላሳዋ ሽ። በወፍራሟ ሽ ካሻ ካላችኋት ግን ቅንጬ ብላችሁ ጠራችኋት። ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ተቀቅሎ የሚበላ፣ የእኛ ቅንጬ ዘመድ ነው። እኔ አንዲትን የሥራ ባልደረባዬን ሦስት ወር ሙሉ ቅንጬ እያልኩ ጠርቻታለሁ፤ አንድ ቀን ሳቋ አምልጧት ነገረችኝ። "እባክዎ" የሚለው ፕሮሼም እንደዛው ነው፣ በወፍራሟ ሽ። ከለሰለሰች የአሳማ ግልገል ማለት ይሆናል። አስተናጋጅ ጠርቶ "የአሳማ ግልገል፣ ሂሳብ" እንደማለት አስቡት። ጨዋ ስለሆኑ ይገባቸዋል፣ ግን ለምን?

አንድ ሁለት ነገር ልጨምርና ከድምፅ ልውጣ። አርና ዜድ ከፕ፣ ከት፣ ከክና ከኽ ኋላ ሲመጡ ዥ መሆናቸው ቀርቶ ሽ ይሆናሉ። ስለዚህ "ይቅርታ" ፕሼፕራሻም ነው። "ጥንዚዛ" ደግሞ ኽሾንሽች ነው፤ ፖላንዶች የውጭ ሰው ሲያገኙ ለመዝናናት የሚያስብሉት ይሄንን ቃል ነው፣ ሽቼብዤሽን የምትባል ትንሽ ከተማም ከእሱ የተነሳ የጥንዚዛ ሐውልት አቁማለች። ቃሉ የሚረገጠው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው ቀለም በፊት ያለው ላይ ነው፤ ሌቫን-ዶፍ-ስኪ፣ ዶፍ ላይ። ድርብ ተነባቢ ካለ ደግሞ ጠበቅ ይላል፤ አንና የሚለው ስም ን ጠብቃ ነው፣ እንደ "ገና" በዓሉ።

ስሞቹን ካወቃችሁ ሰውን መጥራት ቀጥሎ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ፖላንድ ከጠበቅኩት በላይ አገሬን መሰለችኝ። የማታውቁትን ወይም የምታከብሩትን ሰው አንተ አትሉም። ወንዱን ፓን፣ ሴቷን ፓኒ ትላላችሁ፣ ልክ እንደ አቶና ወይዘሮ። ትንሽ ከተግባባችሁ ደግሞ ከራሱ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ ፓን ማሬክ፣ ፓኒ ካታዥና። አቶ ከበደ እንደምንለው። ግሡም አብሮ ይርቃል፤ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ "ፓን ቡና ይፈልጋል?" ይላችኋል፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። "እርስዎ ቡና ይፈልጋሉ?" የሚለውን ላደገበት ሰው ይሄ አይከብድም።

የቤተሰብ ስሙ በጾታ ይለወጣል። ኮቫልስኪ ባል ከሆነ ሚስቱ ኮቫልስካ ናት። ሌቫንዶፍስኪ ሮበርት፣ ሌቫንዶፍስካ አንና። ይህን ያላወቀ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ባልና ሚስትን የማይዛመዱ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፣ አባትና ልጅንም እንደዛው። እኛ ማሪ ኩሪ የምንላት በ1867 ቫርሻቫ (ዋርሶ የምንላት) ውስጥ የተወለደችው ሳይንቲስት የቤተሰብ ስሟ ስክዎዶፍስካ ነው፤ ፖላንድ ውስጥ ይሄን ስሟን ትታችሁ ኩሪ ብቻ ካላችሁ ሰዎች ፊታቸው ትንሽ ቅር ይለዋል። በ1898 ከባሏ ጋር ያገኘችውን ንጥረ ነገር ፖሎኒየም ያለችው በአገሯ ስም ነው፤ ያኔ አገሯ በካርታ ላይ አልነበረችም። በጣም የተለመደው የቤተሰብ ስም ኖቫክ ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

ስለ ሰዋስው ምን ልበላችሁ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያስተምር ቋንቋዎችን በክብደት ይመድባል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፖላንድኛ 44 ሳምንት፣ ወደ 1100 የክፍል ሰዓት ይወስዳል ይላል። እዚያው ምድብ ውስጥ ማን አለ? አማርኛ። ስለዚህ የእኛን ቋንቋ ያለ ክፍያ የያዛችሁ ሰዎች አትማረሩ።

ዋናው ዳገት ሰባቱ ሙያዎች ናቸው፤ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ሥራው የሚይዛቸው መልኮች ማለት ነው። እኛ "የ"፣ "ለ"፣ "ከ"፣ "ን" እያልን የምንቀጥለውን እነሱ የስሙን ጭራ እየለወጡ ይሉታል፣ የሰው ስምም አይቀርም። አበበ ቢቂላን እንኳ አይምሩትም። ቢቂላ ሮጠ ሲሉ ቢኪላ ነው። የቢቂላ ድል ሲሉ ቢኪሊ ይሆናል። ቢቂላን አየሁት፣ ቢኪሌ። ከቢቂላ ጋር፣ ቢኪሎን። ጋዜጣ ላይ ብታዩት አራት ወንድማማቾች ይመስሏችኋል። ሰውን ለመጥራት ብቻ የተመደበ ሙያም አለ፤ ማሬክን ስትጠሩት ማርኩ፣ አንናን አንኖ።

ቁጥር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንድ ቢራ ፒቮ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቢራ ፒቫ። ከአምስት ጀምሮ ፒፍ (ያቺ የታፈነች ቭ ናት፣ አያችኋት?)። አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ሰዋስውም አብሮ ይንገዳገዳል። "ኖ" ሲሏችሁም እንዳትከፉ፤ በንግግር "አዎ፣ እሺ" ማለት ነው። እምቢ ማለት ሲፈልጉ ኜ ነው የሚሉት።

በተገላቢጦሹ፣ የእኛ ስም እነሱ አፍ ውስጥ ምን እንደሚሆን አሁን መገመት ትችላላችሁ። ፓስፖርታችሁ ላይ በደብሊው የተጻፈ ወርቁ ቮርኩ ይባላል። ጀማል የማል። ጫልቱ ወይም ቻላ በሲና ኤች ስለሚጻፍ ኻልቱ፣ ኻላ። ክሊኒክ ተቀምጣችሁ ወረፋ ስትጠብቁ ይሄን ካላወቃችሁ ስማችሁ ተጠርቶ ያልፋችኋል፤ እኔን አልፎኛል። ክፋት የለውም፣ እነሱም የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ነው የሚያነቡት። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀንና ጨን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ቫርሻቫ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉት፣ ዮአና ማንቴል-ኜችኮን የመሰሉ ስለ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ምሁራንም አፍርቷል። ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ጽፎ ብዙ ያከራከረን ጋዜጠኛም ፖላንዳዊ ነው። በስሙ ራሳችሁን ፈትኑ፤ የመጀመሪያ ስሙ ውስጡ ዋይ፣ ኤስና ዜድ ያለበት፣ መጨረሻው ዲ የሆነው ርሻርት ነው። ሁለተኛው ስሙ ውስጥ ለስላሳ ሽና ለስላሳ ች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ካፑሽቺኝስኪ።

ቀሪው ስም ሲያቅታችሁ አትገምቱ፣ ጠይቁ። "ያክ ሼ ቶ ቭማቭያ?" በሉ፣ ይሄ እንዴት ይጠራል ማለት ነው። ሼን አለስልሱ፣ ሁለቱንም ደብሊው ቭ በሉ። ቀስ ብለው ይነግሯችኋል፤ ያኔ ስልካችሁን አውጡና በእኛ ፊደል ጻፉት።